በኪራይ መሬት ላይ የሞቶክሮስ ትራክ ማስተዳደር

ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ፣ ሪቨርሳይድ ካውንቲ ውስጥ፣ የሞቶክሮስ ትራክ ተከራይቼ አስተዳድራለሁ። ሐበሻ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሞተር ትነዳለህ እንዴ?» ብለው ነው። አልነዳም። ቀጥሎ «ያዋጣል?» ይሉኛል። የዚህኛው መልስ ረዘም ስለሚል ነው ዛሬ ለመጻፍ የተነሳሁት። መሬት ተከራይታችሁ ላዩ ላይ ገንዘብ ልታፈሱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሥራው የመኪና ማጠቢያም ይሁን የአትክልት እርሻ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ሞቶክሮስ አፈር ላይ የሚደረግ የሞተር ሳይክል ውድድር ነው። ትራኩ በአፈር የተሠሩ ጉብታዎች፣ ዝላዮችና ኩርባዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1972 ሎስ አንጀለስ ኮሎሲየም ውስጥ አፈር ተቆልሎ ውድድር ሲካሄድ ያሸነፈው የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ዛሬም ከትልልቆቹ የሞተር አምራች ፋብሪካ ቡድኖች ብዙዎቹ መቀመጫቸው ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። እዚህ አገር ሞተረኛ ሞልቷል። የጠፋው መሬት ነው።

እኔ የዶዘር ኦፕሬተር ነበርኩ። ቤት ሊሠራበት የታሰበ ኮረብታ እየደለደልኩ ነው የኖርኩት። ልጄ የሰፈር ጓደኛውን አይቶ ሞተር ሲጀምር ቅዳሜ ቅዳሜ እወስደው ነበር። ሌሎቹ አባቶች ልጆቻቸውን ሲያዩ የኔ ዓይን አፈሩ ላይ ነበር። ዝላዩ የት እንደተሰነጠቀ፣ ውሃው የት ያለቦታው እንደሚተኛ ይታየኛል። የትራኩ የቀድሞ አስተዳዳሪ ሊለቅ መሆኑን ሲነግረኝ ማሽኖቹን ለሌላ ከመሸጡ በፊት ከኔ ጋር እንዲነጋገር ጠየቅኩት። ገንዘቡ ከቁጠባዬና ከእቁብ ነው የወጣው።

የእቁባችን ዳኛ አዲስ አበባ እያሉ ቤትና መጋዘን ሲያከራዩ የኖሩ አዛውንት ናቸው። እጣው ቀድሞ እንዲሰጠኝ ስጠይቃቸው፣ «ውሉን አምጣው» አሉኝ። ልጃቸው እየተረጎመችላቸው አንቀጽ በአንቀጽ አዩት።

«ስማ ልጄ፣ አፈሩን አንተ ገዝተህ አስመጣህ እንበል። ስትለቅ የማን ነው?»

«የባለመሬቱ ይሆናል ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ፈቃዱንስ? ከፍለህ የምታወጣው አንተ አይደለህም?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። መልሱን እያንዳንዱ ተከራይ ሊያውቀው ይገባል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካውንቲው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሰጠው የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ የሚከተለው መሬቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለመሐንዲስ፣ ለድምፅ ጥናት፣ ለትራፊክ ጥናት የምትከፍለው ገንዘብ የሌላ ሰው መሬት ዋጋ ላይ ይደመራል። ስትወጣ ፈቃዱ እዚያው ይቀራል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ውል በየዓመቱ የሚታደስ ነበር። ባለመሬቱ መሬቱን ሊሸጥ ከፈለገ በ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስወጣኛል። እኔ የጠየቅኩት ብዙ አልነበረም። የማደስ መብት ያለው ረዘም ያለ ውል፣ በብርዱ ወራት መሃል እንዳያስለቅቀኝ የሚከለክል አንቀጽ (እዚህ ዋናው ገበያ የብርዱ ጊዜ ነው፣ የሙቀቱ ወራት ያቃጥላል)፣ ደግሞም ለጉድጓድ ውሃው፣ ለመብራት መስመሩና ለፍሳሽ ቦዩ ያወጣሁትን ገንዘብ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚመልስ የካሳ ሠንጠረዥ። መሬቱ ሲሸጥ የመግዛት ቅድሚያ እንዲሰጠኝም ጠይቄ ነበር፤ እሱን እምቢ አለኝ። ሠንጠረዡን ግን ደረሰኞቹን ፊቱ ስዘረግፍ ተቀበለው። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ሌላው ያወጣሁት ደንብ የምገዛው ዕቃ ሁሉ ተጭኖ መሄድ የሚችል እንዲሆን ነው። ቢሮው ኮንቴይነር ነው። የመነሻ በሩ በብረት መንሸራተቻ ላይ ስለተገጠመ ሎቤድ (ከባድ ማሽን የሚጭን ተጎታች) ላይ ይወጣል። የመብራት ማማዎቹ ተጎታች ናቸው። ከአፈሩና ከቧንቧው በቀር እዚያ የሚቀር ንብረት የለኝም።

ይህ የኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። እዚሁ ደቡብ ካሊፎርኒያ የነበረው ሳድልባክ ፓርክ በዘመኑ ከታወቁት ትራኮች አንዱ ነበር፤ መሬቱ የአንድ ትልቅ የሪል እስቴት ኩባንያ ነበር፣ በ1984 ተዘጋ። እዚያው ያለው ካርልስባድ ከ1973 እስከ 1986 ግራንድ ፕሪ (ዓለም አቀፍ ውድድር) ሲያስተናግድ የኖረ ትራክ ነው፤ በ2004 ተዘግቶ ዛሬ የቢዝነስ ሕንፃዎች ቆመውበታል። በአንጻሩ ኒውዮርክ ያለው ኡናዲላ የቤተሰብ እርሻ ላይ ነው የተሠራው፤ ከ1969 ጀምሮ ይኸው አለ። ግሌን ሄለን ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳን በርናርዲኖ ካውንቲ ፓርክ ውስጥ ተከፍቶ እስካሁን ይሠራል። መሬቱ የራስህ ካልሆነ የመንግሥት መሆኑ ከግለሰብ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ካውንቲ ቢሮክራሲው አሰልቺ ነው፣ ግን ጥሩ ዋጋ ስለመጣለት ብቻ ተነስቶ አይሸጥም።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ማታ፣ የመጨረሻው ሞተረኛ ከወጣ በኋላ ነው። ዶዘሩ ከኋላው ባለው ሪፐር አፈሩን ስንዝር ያህል እየቀደደ ይሄዳል። የውሃ ቦቴው ይከተላል፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ፣ በቀስታ። ውሃው መስረግ አለበት፤ ከፈሰሰ ገንዘብህ ነው የፈሰሰው። መድረሱን የማውቀው በእጄ ነው። አፈሩን ጨብጬ ስከፍተው ቅርጹን ከያዘ፣ በአውራ ጣቴ ስነካው ደግሞ ከተፈረፈረ፣ ጥሩ ነው። ጣቴ ላይ ከተለጠፈ ጠዋት ጭቃ ይሆናል። ሸክላው የበዛበት ቦታ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ እቀላቅላለሁ፤ እርጥበት ይይዛል፣ አፈሩም እንደ ድንጋይ አይደርቅም። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ሲነሳ እንደገና ውሃ እናጠጣለን፤ ያኔ ግን ኩርባዎቹንና ቀጥ ያሉትን መንገዶች ብቻ ነው። የዝላይ መነሻ ላይ ውሃ አይደረግም። ልጁ ፍጥነቱን ለክቶ ሲመጣ ጎማው ከተንሸራተተ የሚወድቀው አየር ላይ ሆኖ ነው።

ይህን ሁሉ ውሃ ማን ይከፍላል? እኔ። ከኪራይና ከኢንሹራንስ ቀጥሎ ትልቁ ወጪዬ ውሃና ናፍጣ ነው። መቀነስ ደግሞ አይቻልም፤ ምክንያቱም በአካባቢያችን የአየር ጥራት ባለሥልጣን ደንብ 403 መሠረት አቧራህ ከአጥርህ አልፎ መታየት የለበትም። ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ጉድጓዱ ቢደርቅ ማን ምን እንደሚያደርግ አስጽፉ። የትራክ ውል ላይ ከኪራዩ ዋጋ እኩል የሚታይ ነገር ነው።

ኢንሹራንሱ ሌላ ዓለም ነው። ያለ ኢንሹራንስ በር አይከፈትም፤ ባለመሬቱም ስሙ ፖሊሲው ላይ ካልገባ አያከራይም። ብዙ ሰው ሞተረኛው «ብጎዳ አልከስም» ብሎ በር ላይ የሚፈርማት ወረቀት ሁሉንም ነገር የምትሸፍን ይመስለዋል። አትሸፍንም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 እንደወሰነው፣ እንዲህ ያለ ፊርማ ከባድ ቸልተኝነትን ከተጠያቂነት አያድንም። በ2011 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት እዚሁ ካውንቲያችን ውስጥ፣ ፔሪስ ከተማ የነበረ የሞቶክሮስ ትራክ ጉዳይ አየ። ሞተረኛው ወድቋል፣ ከኋላ የመጡት አላዩትም፣ ገጩት። ከፊት አደጋ እንዳለ ለማስጠንቀቅ ቢጫ ባንዲራ ማውለብለብ የነበረበት ሰው ቦታው ላይ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱ ተራ ቸልተኝነትን እንደሚሸፍን ተቀበለ፤ የባንዲራ ያዡ አለመኖር ግን ከባድ ቸልተኝነት ነው ወይ የሚለው በክርክር መታየት አለበት አለ።

ይህን ፍርድ አሳትሜ ኮንቴይነሩ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ከሌላው ነገር በፊት እሱን ነው የሚያነበው። ከዝላይ ጀርባ ያለው ቦታ ከመነሻው በኩል አይታይም። አንድ ልጅ እዚያ ወድቆ ቢተኛ የሚያድነው ማማው ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነው። ባንዲራ ያዥ ከጎደለኝ ያንን የትራኩን ክፍል እዘጋለሁ፤ ምትክ ከሌለኝ ትራኩን በሙሉ። ደንበኛ ያኮርፋል፣ ገንዘብ ይመለሳል። ባንዲራ ያዦቼን በሰዓት ደህና እከፍላቸዋለሁ፣ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ አላቸው፣ በየተወሰነ ሰዓት ይቀያየራሉ። ፀሐይ ላይ ሲንቃቃ የዋለ ሰው ዓይኑ ይደክማል። የኔ ልጅ እዚያ ትራክ ላይ ነው ያደገው፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ድርድር አላውቅም።

«ያዋጣል?» ወደሚለው እንመለስ። ሰው ትራክ ሲያስብ ውድድር ነው የሚታየው። ውድድር ስም ያመጣል፣ ገንዘቡ ግን ወዲያው ይወጣል፤ አምቡላንስና የሕክምና ባለሙያ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ ተጨማሪ ባንዲራ ያዥ፣ ውድድሩን ለሚያጸድቀው ማኅበር የሚከፈል፣ ዋንጫው። ዝናብ ከጣለ ሁሉም ተከፍሎ ሰው አይመጣም። ቤቴን ያቆመው የልምምድ ቀን ነው። ሞተረኛው በር ላይ ከፍሎ ይገባል፣ እስኪደክመው ይነዳል፣ ይሄዳል። በሳምንቱ መሃል ባለሙያዎቹ ይመጣሉ፤ እነሱን ለማየት ደግሞ ታዳጊዎቹ ይመጣሉ። ሲከፋ ኪራዩን ይሸፍናል፣ ሲሻል ለኔም ደመወዝ ይተርፋል። ሀብታም አያደርግም። ከቤተሰቤ ጋር ግን በክብር ኖሬበታለሁ።

ጎረቤት ላይ ብዙ አልቆይም። ካሊፎርኒያ ከ1986 ወዲህ ለተሠሩ ከመንገድ ውጪ የሚነዱ ሞተሮች የ96 ዴሲቤል ጣሪያ አላት፤ ውድድር ከዚህ ነፃ ነው። እኔ በልምምድ ቀን በር ላይ እለካለሁ፣ የጮኸውን እመልሳለሁ። ስልኬ ለጎረቤቶቼ ሁሉ የታወቀ ነው። ካውንቲው ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ዘንድ ይደውላሉ።

የፈራሁት ነገር በመጨረሻ መጣ። እኛ አካባቢ መጋዘን እንደ አሸን ፈልቷል፤ ከሎስ አንጀለስና ከሎንግ ቢች ወደብ የሚራገፈው ዕቃ ማረፊያ ይፈልጋል። አንድ ጠዋት ባለመሬቱ ምንም ሳይነግረኝ ቀያሾች ሩቁ ኩርባ ላይ ሮዝ ሪባን ያለው ችካል ሲተክሉ አገኘኋቸው። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። መሬቱ ተሸጠ። የገዛው ኩባንያ ግን ውሉን ሲያነብ የካሳ ሠንጠረዡን አገኘው። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ግንባታ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ስላለበት ነገ ቆፍሮ አይጀምርም። ባዶ መሬት ደግሞ ግብሩ አይቀርም። ተቀምጠን ተነጋገርን፤ የግንባታ ፈቃዱ እስኪወጣ እኔ በተቀነሰ ኪራይ እንድቀጥል፣ ካሳውም ስለቅ እንዲከፈለኝ ተስማማን። ሠንጠረዡ ባይኖር ኖሮ በእጄ የሚኖረው የ90 ቀን ደብዳቤ ነበር።

አሁን ከአንድ የመንግሥት አካል ጋር፣ ለቤት መሥሪያ ስለማይሆን መሬት እየተነጋገርኩ ነው። የጠየቅኳቸው ነገሮች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ውሃው፣ የውሉ ርዝመት፣ ለፈቃዱ ጥናት የማወጣው ገንዘብ ከኪራይ ላይ ይቀነስልኝ እንደሆነ፣ ከዚያ ኪራዩ። ሦስተኛው ላይ ገና አልተስማማንም። መነሻ በሩና ኮንቴይነሩ ግን ሎቤድ እስኪመጣላቸው ዝግጁ ናቸው።