ወጨጫን በዝምታ መውጣት

ከአዲስ አበባ ብዙ ሳልርቅ እውነተኛ ጫካ ውስጥ ልግባ ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁሌም አንድ ነው፣ መናገሻ ሱባ። ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ግን አብዛኛው በመኪና ገብቶ ፎቶ ተነስቶ ስጋ ጠብሶ በልቶ ይመለሳል፣ ከላይ ያለውን የወጨጫ ተራራ ጫፍ ሳያየው። ይሄ ነገር ከልቤ ይቆጨኛል፣ ለዛ ነው የምፅፈው።

ህዳር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ነበር የሄድነው። ከአየር ጤና በሚኒባስ ሰበታ፣ ከሰበታ ደግሞ መኪና ኮንትራት ይዘን ኮረኮንቹን ወደ ላይ፣ በሩ ላይ ከፍለን የአካባቢው ልጅ መንገድ ሊያሳየን አብሮን ገባ። ከመጀመራችን በፊት ስልክ ሳይለንት፣ ሙዚቃ የለም፣ ወሬም ካልቸገረ በቀር የለም ተባባልን። ልጁ ይሄን ሲሰማ ፊቱ በራ፣ «ሰው ሲጮህ እኮ ድኩላው አይታይም» አለን።

ታች ያለው የተተከለ ነው፣ የፈረንጅ ጥድና ባህር ዛፍ ምናምን፣ እሱን ቶሎ አለፍነው። ከዛ የአበሻው ጥድ ይጀምራል። ግንዱ ለሁለት ሰው እቅፍ የማይበቃ አለ፣ ቅርፊቱ በቁመቱ እየተላጠ ሪባን ሪባን ሆኖ ይንጠለጠላል። የወደቀ ቅርንጫፍ አንስቼ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት፣ ልክ አንደኛ ክፍል እርሳስ ስንቀርፅ የሚሸተው ሽታ፣ እርሳስ የሚሰራበት እንጨት ስለሆነ እኮ ነው። ምስጥ ቶሎ ስለማይደፍረው ድሮ ለቤተክርስቲያንና ለቤት ምሰሶ የሚፈለገውም ይሄው ጥድ ነበር፣ ሌላው ቦታ ተቆርጦ ያለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህስ ከየት መጣ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከሸዋ ወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው ይሄን ተራራ አስተከሉት ይባላል። ንጉሡ በ1460ዎቹ ነው የሞቱት። ያን ዘር መሬት ውስጥ የቀበሩት ሰዎች አንዳቸውም ጫካውን በዚህ ቁመቱ አላዩትም፣ እኛ ግን ጥላው ስር ቆመን ውሃ እየጠጣን ነው። ይሄን እያሰብኩ ብዙ ሄድኩ።

ዝምታው ደግሞ ዋጋውን ከፈለን። መጀመሪያ የመጣው ጉሬዛ ነው፣ ቤተሰቡ ሙሉ ከላይ ተቀምጦ ቁልቁል እያየን፣ ያ ረጅም ነጭ ጭራው ከቅጠሉ ወጥቶ ተንጠልጥሎ። ቀጥሎ ሶሪት የምትባለው ወፍ። ሶሪት ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፣ ቅጠሉ ውስጥ ብትፈልጓት አታገኟትም፣ ስትነሳ ግን ክንፏ ሲዘረጋ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው፣ ሁላችንም ባንዴ ቆምን። ያ ቀለም በውስጡ መዳብ አለው፣ እንዲህ አይነት ቀለም ያላቸው የሷ ዘመዶች ብቻ ናቸው። ትንሽ ወጣ እንዳልን ልጁ እጁን ዘርግቶ አስቆመን፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወንድ ድኩላ ነበር፣ የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ። እሱ አየን፣ እኛም አየነው፣ ከዛ አንዴ እንደ መጮህ ብሎ ጫካው ውስጥ ገባ። ስፒከር ይዘን ቢሆን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አናይም ነበር።

ከጥዱ በላይ ኮሶ ይመጣል። ህዳር የአበባው ወቅት ነው፣ ቀላ ያለ ዘለላው ወደ መሬት ተዘርግፎ እጅ ይደርስበታል፣ ነካ ስታደርጉት ይረግፋል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ እየተማረሩ ሲጠጡት የኖሩት መድኃኒት ይሄ ነው፣ እኔ ዛፉ እንዲህ የሚያምር አይመስለኝም ነበር። ከዛ ዛፉ እያጠረ እያጠረ ሄዶ አስታና ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ ብቻ ይቀራል፣ ንፋሱ ይጀምራል፣ ትንፋሽም ያጥራል፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ አስር እርምጃ ሄዳችሁ ብትቆሙም ማንም አይቀድማችሁም።

ጫፉ 3,385 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦ ይበልጣል። ወጨጫ ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ፣ አሁን የጠፋ ተራራ ነው፣ ዙሪያውን የሚጋርደው ነገር የለም። በምስራቅ አዲስ አበባ ሙሉዋን ተዘርግታ ትታያለች፣ ፎቆቹ ከዚህ ሲታዩ ምንም አያህሉም፣ ከኋላዋ እንጦጦ፣ ወዲህ ፉሪ፣ ራቅ ብሎ የረር፣ ከሁሉም ተለይቶ ብቻውን የቆመው ደግሞ ዝቋላ ነው። ፊታችሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ ስታዞሩ የበቾ ሜዳ አለ፣ ጤፉ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ገና ቆሞ ነበር። እዛ ቆሎአችንን እየቆረጠምን ቁጭ አልን፣ ማውራት ይቻላል ተብሎም ማንም አላወራም። ቤተሰቤ ያለው፣ ስራዬ ያለው፣ የምናደድበት ታክሲ ሰልፍ ያለው እዛ ታች ነው፣ እና ከላይ ሆኜ ሳየው ከተማዋን ወደድኳት፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

መሄድ የምትፈልጉ፣ ከክረምት በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ጥርት ይላል። በጠዋት ውጡ፣ ውሃ ከበቂ በላይ ያዙ፣ ጃኬት አትርሱ፣ ላብ በላብ ሆናችሁ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ንፋሱ አይምርም። ላስቲክና ጠርሙስ መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ የጠበሳችሁበትንም እሳት በደንብ አጥፉ፣ ጥድ ከተቃጠለ ዳግም እስኪያድግ የልጅ ልጅ አይደርስበትም። ከ8 ሰዓት በፊት መውረድ ጀምሩ፣ ጫካው ውስጥ ቶሎ ይጨልማል፣ ከሱባ ሰበታ ደግሞ መኪና እንደልብ ስለማይገኝ ያመጣችሁን ባለኮንትራት ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ተስማምታችሁ፣ ስልኩንም ይዛችሁ ግቡ።