ስህተቱን ደበቅኩት፣ ከዚያ ራሴም አጣሁት

ፒኤችፒ (ዌብሳይት የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) መማር ከጀመርኩ ወዲህ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት በዚህ ወር ነው። ያውም ከገዛ ጥፋቴ።

የሠራኋት ትንሽ ሳይት ላይቭ ከወጣች ቆይታለች። አንድ ማታ ዳታቤዙ አልገናኝ አለ። ገጹን ስከፍት የስህተት ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቷል። የፋይሉ ሙሉ አድራሻ አለ። የዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም አለ። ከጎኑ ደግሞ ፓስወርዱ ቁጭ ብሏል! ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክሴፕሽን (ኮዱ ሲሠራ የሚነሳ ስህተት) በኮዱ ሳይያዝ ሲቀር ፒኤችፒ የተጠሩትን ፈንክሽኖች ከነተሰጣቸው ዋጋ ይዘረዝራል። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ 15ኛው ፊደል ላይ ይቆርጠዋል። የእኔ ፓስወርድ 11 ፊደል ስለነበር ሙሉው ወጣ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒኤችፒ 8.1 ነበር፤ ከ8.2 ጀምሮ የፒዲኦ (ፒኤችፒን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው) ፓስወርድ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ፓስወርዱን ወዲያው ቀየርኩ። አንዴ የታየ ነገር መልሶ አይደበቅም።

በድንጋጤ ዲስፕሌይ ኤረርስን (ስህተትን ገጹ ላይ የሚያሳየውን ማስተካከያ) አጠፋሁና እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ደወለ፤ «ፎርሙን ስልከው ባዶ ገጽ ነው የሚመጣብኝ» አለኝ። ሎጉን (ስህተት የሚመዘገብበትን ፋይል) ላይ ብል፣ ሎግ የሚባል ነገር የለም። ለካ ስህተትን ሎግ ላይ የሚያስጽፈውን ሎግ ኤረርስን አላበራሁትም። ከጎብኚው ደበቅኩ ብዬ ከራሴም ደብቄዋለሁ።

አሁን ዲስፕሌይ ኤረርስ ጠፍቷል፣ ሎግ ኤረርስ በርቷል። የሎግ ፋይሉን ከዌብ ፎልደሩ ውጭ አደረግኩት፤ አለዚያ አድራሻውን የገመተ ሁሉ ያነበዋል። ፒኤችፒ ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው ግን ምንም አይገባበትም። ይህቺ አንድ ሰዓቴን በላች። ፈቃዱን ስሰጥ የፎርሙ ችግር በአንድ መስመር ወጣ፦ ኮዴ የሌለ ደንበኛ ፈልጎ ናል (ምንም የለም ማለት ነው) ሲመለስለት፣ ዝም ብሎ በናሉ ላይ ፈንክሽን ይጠራል።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። ዳታቤዙ አልገናኝ ባለበት ማታ በየ5 ደቂቃው ሳይቱን የሚያይልኝ ስክሪፕት «ደህና ነው» ሲለኝ ነበር ያመሸው። ዲስፕሌይ ኤረርስ በርቶ ሳለ ገጹ ቢሞትም ፒኤችፒ የሚመልሰው 200 ነው፣ «ደህና» የሚለው ቁጥር። ሲጠፋ ነው 500 (የሰርቨር ስህተት) የሚመልሰው። ስክሪፕቴ ደግሞ ቁጥሩን እንጂ ገጹን አያነብም።

ከዚያ የራሴን የስህተት ገጽ በሴት ኤክሴፕሽን ሃንድለር (ያልተያዘ ኤክሴፕሽን ሲመጣ የሚጠራውን ፈንክሽን በሚመርጠው) ሠራሁ። እዚህም ወጥመድ አለ፦ ስህተቱን አንተ ከያዝከው 500ውን በእጅህ ማዘዝ አለብህ። ጎብኚው የሚያየው አጭር ይቅርታና 8 ፊደል ያላት መለያ ብቻ ነው። ያቺው መለያ ሎጉ ላይም ትጻፋለች። ሜሞሪ ሲያልቅ ግን ይህ ሃንድለር አይጠራም። ለዚያ ሬጂስተር ሻትዳውን ፈንክሽን (ስክሪፕቱ ሲያበቃ የሚጠራውን የሚመዘግብ) ጨምሬያለሁ፤ ገና በደንብ አልፈተንኩትም።

ትናንት ያው ጓደኛዬ የመለያዋን ፎቶ ላከልኝ። ሎጉ ውስጥ ፈለግኩ፣ ተገኘች። ዳታቤዙ ላይ የቀየርኩትን የኮለም ስም ኮዱ ውስጥ ሳልቀይረው ቀርቼ ነው። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ አስተካከልኩት።