ፍላሹ ላይ የተገለበጠው ፊልተር፦ ኮርኒያን በፖላራይዝድ ብርሃን ማየት

ኮርኒያን (የዓይንን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን) በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም ሞገዱ በተወሰነ ሥርዓት በሚርገበገብ ብርሃን፣ ፎቶ ለማንሳት ካሰባችሁ፣ ሰርኩላር የሚባለውን የካሜራ ፊልተር ፍላሽ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሚያስጠነቅቀኝ አጥቼ የሁለት ወር ፎቶ ጥያለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ፖላራይዘር (ብርሃኑን ፖላራይዝድ የሚያደርገው ፊልተር) ፍላሹ ላይ፣ ሌላው ሌንሱ ላይ ይሆናል፤ ዓይኑ ላይ የሚያብረቀርቀው ነጥብ እስኪጠፋ የሌንሱን ማዞር ነው። ብርሃኑ ኮርኒያውን አልፎ፣ አይሪሱን (ባለቀለሙን የዓይን ክፍል) ነክቶ ይመለሳል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነው የኮርኒያ ውፍረት ውስጥ ከ200 በላይ የኮላጅን (የፕሮቲን ክር) ንጣፎች ተደራርበዋል፤ ፖላራይዜሽኑን ስለሚቀይሩት መጥፋት የነበረበት ብርሃን ይታያል። የኮላጅኑ አቅጣጫ ከፊልተሩ ጋር በገጠመበት ጥቁር መስቀል ይቀራል፤ ወደ ዳር ሮምበስ የሚመስሉ ባለቀለም መስመሮች ይወጣሉ።

የእኔ መስቀል አልወጣም። የሌንሱን ፊልተር ሙሉ ዙር ባዞረውም ነጥቡ አልጠፋም። ጥፋቱን የጣልኩት በአይሪሱ ጥቁረት ላይ ነበር፤ ሐዋሳ የማነሳቸው ዓይኖች ጥቁር ቡናማ ስለሆኑ የሚመልሱት ብርሃን ጥቂት ነው። ብርሃን ጨመርኩ፣ አይኤስኦ ጨመርኩ፤ ምንም።

ሰርኩላር ፊልተር ሁለት ነገር ነው፦ ከፊት ሊኒየር ፖላራይዘር (በአንድ ቀጥተኛ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ከኋላ ሌንስ ላይ በሚጠመዘዝበት ጥርሱ በኩል የሩብ ሞገድ ፊልም (ያንን ቀጥተኛ ብርሃን ወደሚሽከረከር፣ ማለትም ወደ ሰርኩላር፣ የሚለውጥ)። ጠፍጣፋው ፊቱ ፍላሹ ላይ ደህና ስለተቀመጠልኝ በዚያ በኩል በፕላስተር ለጠፍኩት። ብርሃኑ በሩብ ሞገዱ በኩል እየወጣ ሰርኩላር ሆነ፤ በሰርኩላር ብርሃን ደግሞ ያ ነጥብ የቱንም ያህል ቢያዞሩ አይጠፋም። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ያው አይደለም! መፈተሽ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ፤ ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የላፕቶፕ ኤልሲዲ ነጭ አድርጉ፣ የተለጠፈበትን መከላከያ ፕላስቲክ ላጡ (ፕላስቲኩ ራሱ ፖላራይዜሽን ያበላሻል)፣ በፊልተሩ አሻግራችሁ እያዩ አዙሩ። ፊቱ ወደ ስክሪኑ ሲሆን ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ጥርሱ ወደ ስክሪኑ ሲሆን ቀለሙ ትንሽ ይለወጣል እንጂ አይጠቁርም። ያላችሁ ሰርኩላር ብቻ ከሆነ፣ ፍላሽ ላይ ጥርሱ ወደ አምፖሉ ይሁን።

የፎቶግራፍ መመሪያዎች ለዘመናዊ ካሜራ ሰርኩላር ግዙ ይላሉ። ለሌንሱ ይሁን፤ ለፍላሹ ግን ሊኒየር ብቻ ግዙ።

ምልክት የሌለውን ሊኒየር ፊልተር አቅጣጫ የምለየው በሐይቁ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሐዋሳ ካለው ፍቅር ሐይቅ ዳር ወደ ምዕራብ ያለው የውሃ ነጸብራቅ አብዛኛው አግድም ፖላራይዝድ ነው። በፊልተሩ ውስጥ በስልክ ካሜራ እያያችሁ፣ ነጸብራቁ በጣም ሲደበዝዝ የማሳለፊያ አቅጣጫው ቁም ነው።

መስቀሉ ሲወጣ ሁለቱንም ፊልተሮች አንድ ላይ 20 ዲግሪ አዙሩ፦ መስቀሉ ይዞራል፣ ባለቀለሞቹ መስመሮች ባሉበት ይቆያሉ። ሁሉም አብሮ ከዞረ የምታዩት ኮርኒያ ሳይሆን የዕቃችሁን ጥላ ነው። የኮላጅኑ አቅጣጫ ለሁሉም ሰው አንድ ነው ብላችሁም አትለኩ። ጂዲኤክስ የተባለው የግላኮማ መመርመሪያ መጀመሪያ የሁሉም ሰው ኮርኒያ ብርሃኑን የሚያዘገየው በ60 ናኖ ሜትር፣ አቅጣጫውም ወደ አፍንጫ 15 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነው ብሎ ነበር የሚያርመው፤ ስላልሆነ በኋላ የየሰውን ኮርኒያ የሚለካ ስሪት መጣ።

መነጽር ይውለቅ፤ የፕላስቲክ መስታወቱ የራሱን ቀለም ያመጣል።