በሩ ተከፍቶ የጠየቅኩት ጥያቄ

ነርስ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ውስጥ ስሠራ ያጋጠመኝን ላውጋችሁ። አጋጠመኝ ከምል አጠፋሁ ብል ይቀላል።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ማለዳ ሣሩን አመድ የሚያስመስልበት ጊዜ። ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ አንድ ሰው ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ከተማው ዳር የመጋዘን ጥበቃ ናቸው፣ የሌሊት ተረኛ። ከሳሉ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ ሌሊት ያልባቸዋል፤ ክብደታቸው ወደ 48 ኪሎ ወርዷል። አክታቸው ሲመረመር ቲቢ ተገኘ።

የቲቢ ክፍል በርና መስኮት አይዘጋም። አየሩ እንዲንቀሳቀስና ተሕዋሲው እንዳይጠራቀም ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ከበሩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ደግሞ ወረፋ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። እኔ ካርዱን እየሞላሁ፣ ቀና ሳልል፣ "ሲጋራ ያጨሳሉ?" አልኳቸው። ድምፄ ጎላ ያለ ነው፤ በልጅነቴም "ቀስ በይ" እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

"በስመ አብ!" አሉ ሰውየው። ባለቤታቸው ቀበል አድርገው፣ "ሲስተር፣ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም" አሉኝ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዷ ሴትዮ አንገቷን አስግጋ አየችን። እኔም "የለም" ብዬ ጻፍኩ፤ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ሄድኩ።

የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሮች አራት መድኃኒት በአንድ የያዘ ቀይ ኪኒን ይወሰዳል፤ ለእሳቸው ክብደት በቀን ሦስት ፍሬ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ እየመጡ እፊቴ ይውጡ ነበር። ኪኒኑን ስሰጣቸው ሁልጊዜ በግራ እጃቸው ይቀበሉኛል። ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ሥር አይወጣም። በእኛ አገር ከሰው እጅ ዕቃ በግራ መቀበል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ሴት ስለሆንኩ ነው የናቁኝ ብዬም አስቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን በሳምንት አንዴ እየወሰዱ ቤት እንዲውጡ፣ ባለቤታቸው ደግሞ እንዲከታተሏቸው ተስማማን። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ስለሚወሰድ፣ ከሥራ ሲመለሱ ቁርስ ቶሎ እንዲቀምሱ ብለው፣ ተረኛ በሆኑበት ቦታ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንደሚውጡት ነገሩኝ። ባለቤታቸው ማታ ሦስቱን ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧቸዋል። ሽንታቸው እንደቀላ ጠየቅኩ፤ ቀልቷል አሉኝ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ይቀላልና ደስ አለኝ።

ጥር መጨረሻ ላይ አክታቸው ዳግም ተመረመረ። ተሕዋሲው አሁንም አለ። መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ እንዳይሆን ሠግተን ናሙናው መላመዱን በሚለየው፣ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መመርመሪያ እንዲታይ አደረግን፤ አልተላመደም። እንግዲህ ምን ቀረ? አልዋጡትም ማለት ነው። ያን ቀን ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ባለቤታቸውን አስጠርቼ፣ በዚያው በተከፈተው በር፣ በዚያው ጎላ ባለ ድምፄ፣ "እርስዎን አምነን አይደል የሰጠንዎ? እንዴት አንድ ሰው ማስዋጥ ያቅትዎታል?" አልኳቸው። አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ወጡ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወረፋው ሲያልቅ ሰውየው ብቻቸውን መጡ። ተቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጠቋሚ ጣታቸውና የመሐል ጣታቸው፣ ከጥፍሩ እስከ አንጓው፣ እርድ የነካው ይመስላል። ከዚያ ከኪሳቸው የተቋጠረ መሐረብ አወጡና ፈቱት። ቀያይ ኪኒኖች። አንዳንዱ ተፈርክሷል፣ አንዳንዱ ላይ የጋቢ ጥጥ ተጣብቋል። አንድ በአንድ ቆጠርናቸው፤ 27 ፍሬ፤ የዘጠኝ ቀን።

"ባጨስኩበት ሌሊት ነው የማልውጠው" አሉኝ። "በትምባሆ አፍ መድኃኒት አልነካም ብዬ ነው ልጄ። ጸበልም እንዲህ ሆነው አይጠጡም። መጣሉንም ፈራሁ፣ የመንግሥት መድኃኒት ነው።"

ማጨስ ከጀመሩ 19 ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው አንድ ቀን አጭሰው አያውቁም። ወደ ቤት ሲሄዱ ጤና አዳም ያኝካሉ፤ አንድ ቅጠል ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ። ባለቤታቸው የጉንፋን መድኃኒት ነው ብለው ያምናሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? ያን ጊዜ ግንቦት ላይ በሞንታርቦ የተናገርሽውን ማዶ ቆሜ ሰምቻለሁ እኮ።"

ግንቦት 23 የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ነው። ገበያው ዳር ሞንታርቦ ተተክሎ እኔም ንግግር አድርጌ ነበር። "አጫሽ ማለት ልጆቹን በገዛ እጁ የሚገድል ሰው ነው" ብያለሁ። ሕዝቡ አጨብጭቦልኛል። ከአጨብጫቢዎቹ ኋላ ቀኝ እጁን ደብቆ የቆመ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በእኛ አካባቢ ሲጋራ ነውር ነው፤ ካህናቱም ያወግዙታል። ይህ ነውር ብዙ ወጣት እንዳይጀምር አግዷል፣ እኔ አላቃልለውም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ጥቂት ናቸው። ግን ጥቂት በመሆናቸው ነው የሚደበቁት፤ የተደበቀን ሰው ደግሞ ማከም አይቻልም። አጫሽ ቲቢ የመያዙ ዕድል ከማያጨሰው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ አክታውም ከተሕዋሲው ለመጥራት ይዘገያል። ከሁሉም ይልቅ መጠየቅ የነበረብኝን ሰው ነው እኔ ያስፈራራሁት።

መጀመሪያ የነገርኳቸው፣ አጨሱም አላጨሱም ኪኒኑ እንደማይታለፍ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። "ርኩሰት የለውም?" አሉ። "የለውም፤ ያለመዋጥ ነው ኃጢአቱ" አልኳቸው። ይህንን ለማለት ሥልጣን እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ግን ብያለሁ።

ቀጥሎ ስለ ብርዱ አወራን። "ሲጋራ ባይኖር ያ ውርጭ ይገድለኝ ነበር" ይሉ ነበር። ኒኮቲን የእጅና የእግርን ደም ሥሮች እንደሚያጠብና ጣትን ይበልጥ እንደሚያቀዘቅዝ ስነግራቸው አላመኑኝም። ሁለት ሌሊት ራሳቸው ሞክረው መጡና፣ "ለካስ የሚያሞቀኝ ክብሪቱን ስጭር እጄን ማሟሟቴ ነው" አሉ።

አንድ የሲጋራ ፓኬት አሳየኋቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከፓኬቱ ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈን ያዛል። ሰውየው ሥዕሉን አገላብጠው አዩት። በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም፤ ምክንያቱም 19 ዓመት ሙሉ የገዙት በፍሬ ነው። አዋጁ በነጠላ መሸጥን የከለከለው ለምን እንደሆነ የዚያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። መናኸሪያ አካባቢ ያሉ ሱቆች ግን ዛሬም በፍሬ ይሸጣሉ፤ ለልጅም ጭምር፣ ሕጉ ከ21 ዓመት በታች አይሸጥ እያለ። ይህ የሚያቃጥለኝ ነገር ነው።

የኒኮቲን ማስቲካም ሆነ ፕላስተር አልነበረንም። ያለን ምክር ነው። የሚተዉበትን ቀን ራሳቸው ይምረጡ አልኩ፤ ሁዳዴ የሚገባበትን ሰኞ መረጡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንደሚከብዱ፣ ንጭንጩና እንቅልፍ ማጣቱ በሁለት፣ በሦስት ሳምንት እየቀለለ እንደሚሄድ፣ አምሮቱ ሲመጣ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ከታገሡት እንደሚያልፍ ነገርኳቸው። "ጥቂት ደቂቃ ስንት ነው?" አሉኝ። "መጋዘኑን አንዴ እስኪዞሩት" አልኩ። ኪሳቸውን ቆሎ ሞልተው ይዞሩ ጀመር።

ባለቤታቸውንም ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ነገርኳቸው፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ የታካሚዬ ምስጢር ነው። "ምን አጥፍተሽ ነው ልጄ?" እያሉ ሦስተኛውን የቡና ስኒ ሳትጠጪ አትነሺም አሉኝ። ከብዶኝ ጠጣሁ።

አሁን አዲስ ታካሚ ሲመጣ ካርዱን ይዤ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ግቢው ውስጥ ከጽዱ ሥር ሁለት ወንበር አለ፤ አየሩ ንጹሕ ነው፣ የሚሰማም የለም። አስታማሚውን በትሕትና አግዳሚው ላይ አስቀምጣለሁ። ጥያቄውንም ለውጬዋለሁ፤ "ብዙ ሰው በብርዱ ምክንያት ሲጋራ ይይዛል፤ እርስዎስ ሞክረውት ያውቃሉ?" ነው የምለው። "ሞክሬያለሁ" የሚሉኝ ሰዎች ቁጥር ጨምሯል።

ሰውየው ፋሲካ ካለፈ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ቀጠሯቸው ሳይደርስ፣ በጠዋት መጡ። ከሥራ ቀጥታ ነው የመጡት፣ የሌሊቱ ብርድ ገና ከጋቢያቸው አልወጣም። ከጽዱ ሥር ተቀመጥን።

"ትናንት ሌሊት አንድ ፍሬ አጨስኩ" አሉኝ። "ኪኒኑን ግን ውጫለሁ።"

ካርዳቸውን አወጣሁና ኅዳር ላይ "የለም" ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤ፣ የነገሩኝን እንዳለ ጻፍኩት።