ያርቪ ደሙን መለሰ፣ አንባቢው ለምን አኮረፈ?

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጆ አበርክሮምቢን «ሃፍ ኤ ኪንግ» የተባለ ምናባዊ ልብ ወለድ ካነበቡ ሰዎች ጋር ሳወራ አንድ ቅሬታ ደጋግሞ ይመጣል። «በቀሉ አንጀቴን አላራሰውም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጽሐፉን የወደድኩት በዚሁ ነው።

ከዚህ በታች መጨረሻውን ጨምሮ ሁሉንም ነው የምዘረግፈው። ልታነቡት ያሰባችሁ እዚሁ ተሰናበቱኝ።

ላላነበባችሁትና ግድ ለሌላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ያርቪ የጌትላንድ ንጉሥ ሁለተኛ ልጅ ነው። ሲወለድ ጀምሮ አንድ እጁ ጎደሎ ስለሆነ ጋሻ አይዝም፤ ወንድ በሰይፉ በሚመዘንበት አገር ይህ ውርደት ነው። ስለዚህ ዙፋንም ትዳርም ትቶ የነገሥታት አማካሪ ሊሆን ይማራል። ሚኒስትር ነው የሚሏቸው። ግን አባቱና ወንድሙ ተገደሉና ሳይወድ በግድ ነገሠ። የአባቱን ደም ሊመልስም ማለ። ዙፋኑን በቅጡ ሳይሞቅ አጎቱ ኦደም ከዳው፣ ከግንብ ወደ ባሕር ወደቀ፣ ማንነቱን ደብቆ ለባርነት ተሸጠ፣ በሰንሰለት ታስሮ መርከብ መቅዘፍ ጀመረ።

«የልጆች ነው፣ ለስልሷል» የሚሉ አሉ። የደራሲውን የቀድሞ ሥራዎች ያነበበ ሰው እንዲህ ቢል አይገርመኝም፣ እነዚያ ደማቸው እስከ ጉልበት ነው። ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ2014 ለወጣቶች ተብሎ የወጣ፣ በዓመቱም ለምናባዊና ለሳይንሳዊ ልብ ወለዶች የሚሰጠውን የሎከስ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ የወሰደ ነው። ስድቡ ቀንሷል፣ ገጹም አጥሯል፣ እውነት ነው። ለስልሷል የሚለው ግን አይዋጥልኝም።

አንክራንን አስታውሱት። የመርከቡ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፣ ከባሪያዎቹ ራት እየቀነሰ የሚሰርቅ። ያርቪ ስርቆቱን ያጋልጥበትና ቦታውን ይወስዳል፣ አንክራን ደግሞ ከመቅዘፊያው ጋር ይታሰራል። ሁላችንም እዚህ ጋ እሰይ ብለናል። ቆይቶ ነው ሰውዬው ለምን ይሰርቅ እንደነበር የምንሰማው፤ ሚስቱና ልጁ በባርነት ተይዘውበት ነበር። አብረው ካመለጡ በኋላ በበረዶው ላይ ያ የጠላነው ሰው ከሁሉም ደግ ሆኖ አረፈው። እና ሲሞት አዘንን። አዎ፣ በኋላ ያርቪ ሴትየዋንና ልጇን ነጻ ያወጣቸዋል፣ ልጁ ኮልም በቀጣዮቹ ክፍሎች ያድጋል። ቢሆንም አጎቱ በእሱ ላይ የሠራውን ዓይነት ተንኮል ያርቪም ገና መርከቡ ላይ ሳለ ነው የጀመረው። እኛ ግን ወገንተኛ ስለሆንን እንደ ብልጠት ቆጠርንለት።

አንድ ቅሬታ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። «ምንም» እየተባለ የሚጠራው፣ የመርከቡን ወለል ሲፈትግ የሚውለው ምስኪን፣ ሰጥሟል የተባለው የያርቪ ትልቁ አጎት ኡትል ሆኖ ሲገኝ «በቃ፣ ተመቻቸልን» አልኩ። ሰውዬው ሰይፍ በያዘ ቁጥር ደራሲው ፍንጭ እየዘራ ነበርና የጠረጠሩ ብዙ ናቸው። አገር ምድሩ ሞቷል ያለው ሕጋዊ ወራሽ እዚያው ያርቪ መርከብ ላይ? ይቅርብኝ።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። ኦደም ሞተ፣ ኡትል ነገሠ፣ ያርቪ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። አንባቢ የሚናደደው እዚህ ጋ ነው፤ ያን ሁሉ ተሰቃይቶ ዙፋኑን ለሌላ? ከዚያ አስተማሪው እናት ጉንድሪንግ አለች («እናት» የሚኒስትርነት ማዕረጓ ነው)፣ ያሳደገችው፣ ሻይ እያፈላ የሚያቀርብላት አሮጊት። በኦደም ሤራ እጇ እንዳለበት ደርሶበታል። ሻይዋን እንደ ድሮው አፍልቶ ሰጣት። መርዝ አለው። ጩኸት የለም፣ ሰይፍ የለም፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ፣ አንዷ ትሞታለች። ከዚያ እሱ ቦታዋን ይይዝና የሰላም አገልጋይ ይሆናል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው።

ይሄ ትዕይንት አላረካንም የሚሉት ምን ጠብቀው እንደነበር አውቃለሁ። ልጁ ጀግና ሆኖ እንዲያድግ ነበር። እሱ ግን ያደገው እንደከዱት ሰዎች ሆኖ ነው፣ ያውም ከእነሱ በተሻለ ችሎታ። መሐላው ሙሉ በሙሉ ተፈጸመ፣ የፈጸመውን ልጅ ግን ከዚያ ወዲያ ማቀፍ ያስፈራል። እኔ መጽሐፉን የዘጋሁት ለያርቪ ሳይሆን ለጉንድሪንግ እያዘንኩ ነው፣ ጥፋተኛ መሆኗን እያወቅኩ።

የማይዋጥላችሁ ካላችሁ ሁለተኛውን ክፍል ሞክሩት። እዚያ ታሪኩን የምናየው በያርቪ ዓይን አይደለም፣ ቶርንና ብራንድ በሚባሉ ሁለት ወጣቶች ዓይን ነው። ሐሳቡን የማንሰማው ሰው ሲሆን ያርቪ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ታያላችሁ። ያርቪ ሊያገባት የነበረችው የኦደም ልጅ ኢስሪዩንም እዚያ ትመለሳለች፣ ሚኒስትር ሆና፣ የራሷን ቂም ይዛ። በመጀመሪያው ክፍል ለእሷ የተሰጣት ገጽ በጣም አንሷል፣ በዚህ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ጋር ነኝ።