«የቴክኒክ ችግር»

31 ዓመት ማይክ ፊት ተቀምጬ፣ በመጨረሻው ቀን ለምስጋና የተሰጠኝ 4 ደቂቃ ነበር። 4 ደቂቃ ለሬዲዮ ብዙ ነው። ለኔ ግን አልበቃኝም።

ወረቀቱን ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ነው የቆየሁት። ከላይ የሥራ ኃላፊዎቹን ደረደርኩ። ከዚያ አዘጋጆቹን፣ ሪፖርተሮቹን፣ አብረውኝ ዜና ያነበቡትን። ቀጥሎ ቴክኒሻኔን። መጨረሻ ላይ ባለቤቴንና ልጆቼን። በሥልጣን ተዋረድ መሆኑ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከላይ ካሰፈርኳቸው ሰዎች አንዳንዶቹ እኮ ስሜን እንኳ በቅጡ አያውቁትም ነበር።

ቀይ መብራቱ በራ። ጀመርኩ። ገና ስለ ሁለተኛው አለቃዬ እያወራሁ ቴክኒሻኔ ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት ጣቱን አሳየኝ። ሁለት ደቂቃ ቀረህ ማለቱ ነው። አየሁት፤ ግን አላሳጠርኩም። አንድ ጣት ሆነ። ከዚያ እጁን በአየር ላይ ማሽከርከር ጀመረ። ሰዓቱ ሲሞላ ዜናው በኮምፒውተር ራሱ ነው የሚገባው። ማንንም አይጠብቅም።

«ዜና ክፍል ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብዬ ትንፋሽ ሳብኩ። ያኔ በሄድፎኔ ሙዚቃው ከሥር ሲነሳ ሰማሁ። ፌደሬ፣ ማይኬን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው መግፊያ፣ ወርዷል። የቴክኒሻኔን ስም የጠራሁት ለተዘጋ ማይክ ነው።

በሬዲዮ የሰሙኝ ሰዎች በኋላ «እንዴት ያምር ነበር! በልኩ ጨረስከው» አሉኝ። የጨረስኩት እኔ አልነበርኩም።

ወረቀቱን ይዤ ኮንትሮል ሩም ገባሁ። እንባዬ ገና አልደረቀም።

«ስምህ ቀጥሎ ነበር» አልኩት። መስመሩን በጣቴ አሳየሁት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ።»

አነበበው። ወረቀቱን መለሰልኝ።

«አቆራረጡ ተሰማህ?» አለኝ።

«ምንም አልተሰማኝም። እንዴት አወቅከው?»

«ስንት ዓመት ትንፋሽህን በምላጭ ስቆርጥ ኖሬ፣ የት ላይ እንደምታርፍ ይጠፋኛል?»

እውነቱን ነው። በሪል ቴፕ ዘመን በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር በሚሄድ ቴፕ ነበር የምንሠራው። የግማሽ ሴኮንድ ትንፋሽ ማለት ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ቴፕ ነው። እሱ ሪሉን በእጁ ወዲያና ወዲህ ያዟዙራል። ትንፋሹን ሲያገኘው በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። በምላጭ በሰያፍ ይቆርጥና ጫፍና ጫፉን ገጥሞ ፕላስተሩን ይለጥፋል። የኔ ትንፋሾች እግሩ ሥር ተቆልለው ያድሩ ነበር። አድማጭ «ድምፅህ እንዴት ይፈሳል!» ሲለኝ አመሰግናለሁ እል ነበር። ማንን እያመሰገነ እንደሆነ ግን አላሰብኩትም።

«ስምህን ሳልጠራ በመውጣቴ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

«ተጠርቼ አውቃለሁ እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«‹የቴክኒክ ችግር› ስትል።»

አልሳቀም። ቅሬታም አልነበረበትም። ብቻ እንዲያው እንደ ነገሩ ተናግሮ ፊቱን ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው መለሰ። እኔ ግን ምን እንደነካ አወቅሁ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። የአንድ ቃለ ምልልስ ቴፕ ራሴ ኤዲት አድርጌ፣ ለአየር ደቂቃዎች ሲቀሩ ይዤ ሮጥኩ። ቴፕ ሲቀመጥ ጭራው፣ የቅጂው መጨረሻ ማለት ነው፣ ወደ ውጭ ሆኖ ነው። አለዚያ አንዱ ንብርብር ድምፁን ለጎኑ ስለሚያጋባ፣ ተናጋሪው ገና አፉን ሳይከፍት ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ስለዚህ ከመጫወቱ በፊት ወደ መጀመሪያው ተመልሶ መጠቅለል አለበት። የእኛ ልማድ መለያ እንዲሆን ጭራው ላይ ቀይ ቴፕ መቀጠል ነበር። በጥድፊያ አልቀጠልኩም።

«ተጠቅልሏል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩት።

አልተጠቀለለም ነበር። እንግዳችንን በክብር አስተዋውቄ ስጨርስ ከቴፑ የወጣው ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው ድምፅ ነው። ወዲያው አቆመው። ከዚያ ጸጥታ። ሬዲዮ ላይ የሠራ ሰው የዚያን ጸጥታ ርዝመት ያውቀዋል። ማይኬን ከፍቼ «ባጋጠመን የቴክኒክ ችግር አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን» አልኩ። ሁላችንም የምንለው ነው። አፋችን ለምዶታል።

በማግሥቱ አለቃችን ሁለታችንን ጠራን። «ምንድነው የተፈጠረው?» አሉኝ። «ቴክኒክ ነው» አልኳቸው። አንድ ቃል። እሱ አጠገቤ ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። እኔም ሳላስተባብል ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ። እሱ በዚያው እጁ ትንፋሼን መቁረጡን ቀጠለ።

በመጨረሻው ቀን ማታ ቤት ስገባ ልጆቼ አቀፉኝ። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ቀን ስተኛ በእግራቸው ጣት እየረገጡ ያደጉ ልጆች ናቸው። ባለቤቴ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣለች። ደብተሯ ጭኗ ላይ ነው። ያ ደብተር 31 ዓመት ሙሉ ከሬዲዮው አጠገብ አልተለየም። የተሳሳትኩትን ቃል፣ ያጠበቅኩትን የሚላላ፣ ያላላሁትን የሚጠብቅ፣ ሁሉን ትጽፈው ነበር። ያለ እሷ ደብተር እኔ አንባቢ አልሆንም ነበር። ይህን አየር ላይ ልናገር ነበር ያሰብኩት።

«የናንተን ስም ሳልጠራ ሰዓቱ አለቀ» አልኳት።

«እኛስ ቤትህ ነን። የምትለውን እዚህ ትለናለህ» አለች። «የሱን ግን ለምን ተውከው?»

«ቀጥሎ ነበረ።»

«ያን ጊዜም ነገ እነግራቸዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች።

አልረሳችውም። ያኔ ሌሊቱን ስገላበጥ ያየችኝ እሷ ናት። ጠዋት ሂድና እውነቱን ንገራቸው ያለችኝም እሷ ናት።

በማግሥቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀይ ቴፕ ያልቀጠልኩት እኔ መሆኔን፣ ተጠቅልሏል ያልኩትም እኔ መሆኔን፣ የአለቃዬንም ጥያቄ በውሸት የመለስኩት እኔ መሆኔን ዘረዘርኩ። አለቃችን ከሄዱ ቆይተዋል። የሰው ኃይል አስተዳደር ያለችው ልጅ አነበበችውና ግራ ገባት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በጣም የቆየ ጉዳይ ነው። አሁን ምን እናድርገው?» አለችኝ።

«ከማህደሩ አያይዢልኝ። ከማስጠንቀቂያው በላይ ይሁን» አልኳት።

ማህተም መታችበት፤ ቁጥር ሰጠችው። ግልባጩን ይዤ ወደ ስቱዲዮ ወረድኩ። እሱ ሄድፎኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። መስታወቱ ወዲያ እኔ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት አንባቢ ወረቀቷን ታስተካክላለች። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ደግሞ ከላይ ጀመረ። ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። የኪሱን ቁልፍም ቆለፈው።

ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። ቀይ መብራቱ በርቷል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥኩ። ልጅቷ ትንፋሽ ስትስብ ጣቱ ፌደሩ ላይ ነበር።