ለእንግዳ የተቀመጠ ዕቃ

ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ነበረች። በመጀመሪያዋ ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ለዘመን መለወጫ ቤቴን ላጸዳ ተነሣሁ፤ በስድስተኛዋ ቀን ማምሻውን ግን፣ ስምንት ዓመት ከኖርንበት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ዕቃችን ወጥቶ አልቆ፣ እኔና ባለቤቴ የሳሎኑ ጥግ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣ ነበር። ቡፌው ስምንት ዓመት ሙሉ ግማሹን ሸፍኖት የኖረው መስኮት የማታ ፀሐይ እንደሚያስገባ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ነገሩን ያነሣሣው የአክስቴ መምጣት ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በነሐሴ መጨረሻ ከደብረ ብርሃን ለሕክምና መጥተው ሳለ ሊጠይቁኝ መጡ። የምንኖረው 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንጻችንም እንደ ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች አሳንሰር የለውም። ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ በየደረጃው መታጠፊያ እያረፉ ወጥተው በሩ ላይ ሲደርሱ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም። ሶፋው ላይ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሯል፤ አንዱ ወንበር ላይ የቴሌቪዥን ካርቶን አለ፤ ሌላው ወንበር በሻንጣና በጠረጴዛ መካከል ተጣብቆ አይሳብም። እሳቸው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው፣ እኔ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለስኩ ዕቃ ሳነሣ ሳስቀምጥ፣ «ቁጭ በይልኝ እንጂ ልጄ፤ እኔ የመጣሁት አንቺን ለማየት ነው» አሉኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆዩም። ከሄዱ በኋላ ሐኪሙ ያላቸውን ለእናቴ በስልክ ላስረዳት ስሞክር ግማሹን አልሰማሁትም ኖሯል፤ የቡናውን ምድጃ ከአልጋ ሥር እየፈለግሁ፣ በመካከሉም ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዞር እያልኩ ነበርና። ያ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ።

በጳጉሜን መጀመሪያ ቀን ቡፌውን ከፍቼ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኩት። ሠላሳ ስድስት ብርጭቆ፣ ሃያ አራት ሳህን፣ አራት ፔርሙዝ፣ ከሠርጋችን ጊዜ ጀምሮ ከሣጥኑ ያልወጣ የሻይ ዕቃ ነበረ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደግሞ ዚፑ ተከፍቶ የማያውቅ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ከአልጋው ሥር የተጠቀለለ ፍራሽ ወጣ። እያንዳንዱን ለምን እንዳስቀመጥኩት ራሴን ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ለእንግዳ። እኛ በየቀኑ የምንበላውና የምንጠጣው እጀታው በተሰበረ ኩባያና ጠርዙ በተሸራረፈ ሳህን ነው፤ ደህናው ዕቃ እንግዳ ይጠብቃል። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ እሱን የሚጠብቀው ዕቃ መቀመጫውን ይዞበታል።

እዚህ ላይ ሰው እንዳይቀየመኝ እፈልጋለሁ። ዕቃ ማስቀመጥን የምንወደው በስስት አይመስለኝም። የእናቴ ትውልድ የወተት ዱቄት ጣሳ አጥቦ በርበሬ ያስቀመጠበት፣ የስኳር ከረጢት ፈትቶ መጋረጃ የሰፋበት ምክንያት አለው፤ ዛሬ የተወረወረ ነገር ነገ ሲፈለግ በእጥፍ ዋጋ የሚገዛበት አገር ውስጥ «ለክፉ ቀን» ማለት ጥበብ ነው። ውጭ አገር ስለ ቀላል ኑሮ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚያሳዩት ነጭ ግድግዳና ባዶ ክፍል እኔን ብዙም አልረዳኝም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካንን ትርፍ ዕቃ ማለት አይቻልም። ጤፍ በርከት አድርጎ መግዛት፣ በርበሬና ሽሮን በዓመት አንዴ አዘጋጅቶ ማስቀመጥም ከኑሯችን ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ስለዚህ ስድስቱ ጄሪካኖች፣ በርሜሉ፣ የጤፉ ማዳበሪያና የበርበሬው ጣሳ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እኔ ልለየው የፈለግሁት የሚያኖረንን ዕቃ እኛ ከምናኖረው ዕቃ ነው።

ለሳህኖቹ መልስ ያገኘሁት ከእድራችን ነው። የሰፈራችን እድር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ድንኳን፣ አግዳሚና ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስትና በደርዘን የታሰረ ሳህን አለው፤ ሐዘን ቢሆን ያለ ክፍያ ይመጣል፣ ለደስታ ሲሆን ደግሞ በጥቂት ብር ይከራያል። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ወርሃዊ መዋጮ ስከፍል ኖሬ፣ መዋጮዬ የገዛውን ሳህን ቤቴ ውስጥ ደግሜ ገዝቼ፣ አቧራውን ስጠርግ መኖሬ ያን ዕለት ተገለጠልኝ። አያቶቻችን ዕቃን በጋራ ማኖርን ያውቁበት ነበር። አንድ የእድር መጋዘን የአንድ ሰፈርን ጓዳ ሁሉ ሊያቃልል ሲችል፣ ሁላችንም በየቤታችን ትንንሽ መጋዘን መሥራታችን ያሳዝነኛል። ሃያዎቹን ሳህንና ከብርጭቆዎቹ ሠላሳውን አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለእድሩ ሰጠሁ።

የቀረው በየመንገዱ ሄደ። የተሰበረው ምድጃ፣ ሁለት የማይሠሩ ዲኮደሮችና የዛገው የአልጋ ብረት ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው!» እያለ ለሚያልፈው ሰው ተሸጠ። ከዚህ ዓይነቱ ብረታ ብረት ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃም መጥበሻም ይሆናል፤ ስለዚህ ከእኔ አልጋ ሥር ከሚዝግ ይልቅ ለዚያ ቢበቃ ደስ ይለኛል። ለልዋጭ የመጣው ልጅ ደግሞ ለአሮጌ ጫማዎቹ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ አቀረበልኝ። «ሳፋውን ተወው፤ ጫማውን ብቻ ውሰድልኝ» ስለው አላመነኝም፤ የተደበቀ ነገር ያለ መስሎት እያንዳንዱን ጫማ ገልብጦ አየ። ለመልበስ ደህና የሆኑትን ልብሶች ግን በልዋጭ አልሰጠሁም፤ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ የጎደለ ቁልፍ ተክዬ ለሚለብሳቸው ሰዎች በእጄ አደረስኩ። ሌላ ሰው የሚለብሰው ነገር ከመጣያ እንደ ወጣ ሆኖ መድረስ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ሻንጣው ነበር። ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። እሱ ሲመጣም ሆነ ሰው ሲያገኝ የሚልከው ነገር አያልቅም፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ግራም እስኪቀር ሞልቶ ይመጣል። ያ ሻንጣ በሁለት ሥራ መካከል በተገኘች ሰዓት የተገዛ፣ የእያንዳንዳችን ስም በየፌስታሉ ላይ የተጻፈበት ፍቅር ነው። ልጄ ሳይለብሰው ያደገበት ጃኬት፣ ለባለቤቴ ያልሆነው ጫማ፣ ጊዜው ያለፈበት ቫይታሚን ሁሉ የወንድሜ ድካም ስለሆነ እጄ ሊያወጣው አልቻለም። በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት።

«ከእንግዲህ ዕቃ አትላክልኝ» አልኩት። «ለዕቃው የምታወጣውን አጠራቅመህ ራስህ ና።»

ትንሽ ዝም አለና «ባዶ እጄን ልምጣ?» አለኝ።

«ባዶ እጅህን ና።»

እንዳልተቀየመኝ እርግጠኛ የሆንኩት ለጥምቀት በትከሻ በሚንጠለጠል አንድ ቦርሳ ብቻ ሲመጣ ነው። ሦስት ሳምንት አብሮን ሰነበተ፤ የተኛውም በዚያው ለእንግዳ ተብሎ በተቀመጠው ፍራሽ ላይ ነው፤ ፍራሹን በማስቀረቴ ደስ ብሎኛል።

ስልኩ ሌላ ዓይነት ኮተት ነው፤ ቦታ ስለማይዝ ሞልቶ መፍሰሱ አይታይም። ከአርባ በላይ የቴሌግራም ቻናልና ግሩፕ ነበረኝ፤ ከቤተሰብ፣ ከሥራና ከእድሩ በቀር ከሁሉም ወጣሁ። ከስልክ ጥሪ ውጭ ያለውን ማሳወቂያ በሙሉ ዘጋሁ። ከዚህ ሁሉ የሠራው ግን አንዲት የስንደዶ ሙዳይ ናት። ቡና ሲቀርብ የሁላችንም ስልክ እሷ ውስጥ ይገባል፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስም አይወጣም። የመጀመሪያው ሳምንት ለታላቁ ልጄ ከባድ ነበር፤ እኔም እጄ በየደቂቃው ወደ ባዶው ኪሴ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። አሁን በቶናው ላይ ልጄ ስለ ትምህርት ቤቱ ማውራት ይጀምራል፤ ለምን በአቦሉ ላይ እንደማያወራ ገና አላወቅሁም።

ይህን ሁሉ ሳደርግ አዲስ ነገር የተማርኩ አልመሰለኝም። ያደግሁት ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ለ55 ቀናት በሚቀመጥበት ቤት ነው። በዋልድባ ያሉት መናንያን እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ እንደሚኖሩ አያቴ ሲነግሩኝ፣ የሚኖሩበትን መጠን አውቀው የተቀመጡ ሰዎች አድርገው ነበር የሚነግሩኝ። እኔ ልጆች የማሳድግ፣ ደመወዝ የምጠብቅ ሴት ነኝ፤ ምናኔ የእኔ መንገድ አይደለም። ቢሆንም ቤቴ ምን ያህል ዕቃ እንደሚበቃው የመጠየቅ መብትና ግዴታ እንዳለብኝ ከእነሱ የወረስኩት ይመስለኛል። ሁሉም ነገር አልተሳካልኝም። የልጆቼን የክርስትና ልብስ ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ፤ የአባቴን ጋቢ ደግሞ ለማውጣትም አልሞከርኩም።

አክስቴ ለክትትል የተመለሱት በየካቲት ነው። አሁንም በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ፤ ሲገቡ ግን መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ። ከጎረቤትም ሰው ገብቶ ዘጠኝ ሆንን። እኔ ያስቀረሁት ሲኒ ስድስት ብቻ ስለሆነ ፊት ለፊት ካለችው ጎረቤቴ ሦስት ተዋስኩ። ማታ አጥቤ ስመልስላት ተለዋውጠውብኝ ኖሮ፣ ረከቦቴ ላይ ካሉት ስድስቱ አንዷ አሁንም ሰማያዊ አበባ ያላት የእሷ ሲኒ ናት፤ የእኔዋም እሷ ዘንድ አለች።